ውሃው የሚያልቀው ሌሊት ነው፦ የመናኸሪያ መጸዳጃ ቤት ውሃና መብራት መቆጠቢያ መመሪያ

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ይሞላል። ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከአጋሮና ከበደሌ የሚገባው መኪና ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያራግፍ ይውላል። ከመኪና የወረደ መንገደኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቡና የት እንዳለ አይደለም፤ ጅማም ብትሆን። ሽንት ቤት የት እንዳለ ነው።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለውን ቦታ ለሚያስተዳድሩ ሰዎች ነው። በማኅበር ተደራጅተው የሕዝብ መጸዳጃና ሻወር ለያዙ ወጣቶች፣ ለመናኸሪያ ጥገና ሠራተኞች፣ ቁልፉን ይዘው በር ላይ ለሚውሉ እናቶች። እኔ የቧንቧ ባለሙያ አይደለሁም። መናኸሪያ አካባቢ መጸዳጃ ቤት የያዙ ጓደኞቼን የውሃ ሂሳብ ሲያስለቅሳቸው አይቼ ነው ነገሩ ውስጥ የገባሁት።

መጀመሪያ ጥፋቱን ያላከክነው በተጠቃሚው ላይ ነበር። "ሰው ውሃ ያባክናል" አልን። "ውሃ ቆጥቡ" የሚል ወረቀት ለጠፍን። ጆጎቹን አነሳን። ጆግ ማንሳቱ ጭራሽ ነገር አበላሸ፤ ሰው ሳያፈስ መውጣት ጀመረ፣ እኛም ወለሉን በባልዲ ስናጥብ ዋልን። በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ የቧንቧ ሠራተኛ መጡ። ወረቀቱን አነበቡና ሳቁ። "ልጆቼ፣ ማታ ስትዘጉ ቆጣሪውን ጻፉ። ጠዋት ከመክፈታችሁ በፊት ደግሞ ጻፉ" አሉንና ሄዱ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ዘግተን ጻፍን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ስንከፍት እንደገና ጻፍን። ልዩነቱ 900 ሊትር ነበር። በሩ ተቆልፎ፣ አንድ ሰው ሳይገባ። አንድ ሰው በአማካይ 3 ሊትር ያፈስሳል ብንል፣ ያ የ300 ሰው ውሃ ነው። ወረቀታችንን ቀደድነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ለኩ፣ ቀጥሎ የሚያፈሰውን ድፈኑ፣ ከዚያ ፍሰቱን ቀንሱ። ዕቃ መግዛት የመጨረሻው ነው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ሲያደርግ አያለሁ። በእጅ ሳይነካ የሚከፈት ቧንቧ ገጥሞ፣ ከጀርባው ፍላሹ ሌት ተቀን ይንዠቀዠቃል።

አንደኛ ሥራ፦ የሌሊቱን ውሃ መያዝ

ማታ ሥራ ስትጨርሱ ሮቶው ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ። ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ። የቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ወረቀት ይጠፋል፣ ፎቶ ሰዓቱንም ይይዛል። በአብዛኛው ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብ ናቸው፤ አንዱ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው። ቀዮቹ ከሜትር ኩብ በታች ያለውን ያሳያሉ። መሃል ላይ ደግሞ ትንሽ ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን የመሰለች ነገር አለች። ውሃ እያለፈ ከሆነ ትሽከረከራለች። ሁሉም ተዘግቶ እሷ ከዞረች፣ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ብቻ አይሠራም። ሌሊት መስመሩ ደረቅ ከሆነ ቆጣሪው አይዞርም፤ ሮቶው ግን ዝም ብሎ ሊጎድል ይችላል። በተቃራኒው ማታ ያልሞላ ሮቶ ሌሊት ውሃ ከመጣለት ቆጣሪው ይዞራል፤ እናንተ ግን የሚያፈስ ይመስላችኋል። ያን ጊዜ ወደ ሮቶው የሚገባውን ዝጉና ረጅም ንጹሕ ዱላ ወይም ሜትር ይዛችሁ ከላይ ለኩ። ማታ አንዴ፣ ጠዋት አንዴ። ወደ ሊትር መቀየሩ ቀላል ነው። የሮቶውን ወርድ በሜትር ለኩ፣ በራሱ አባዙት፣ ከዚያ በ7.85 አባዙት። የሚመጣው ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ስንት ሊትር እንደሆነ ይነግራችኋል። ለምሳሌ ወርዱ 1.2 ሜትር የሆነ ሮቶ በአንድ ሴንቲ ሜትር 11 ሊትር ከምናምን ይይዛል። ሌሊቱን 30 ሴንቲ ሜትር ከወረደ ወደ 340 ሊትር ሄዷል ማለት ነው።

ከዚያ ወንጀለኛውን ማሳደድ ነው። ከሮቶው ወደ ውስጥ የሚወስደውን ሳራቺኔስካ (የመስመሩን ትልቅ መዝጊያ) ዝጉና እንደገና ጠብቁ። አሁንም ቆጣሪው ከዞረ፣ ችግሩ ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ባለው መስመር ላይ ወይም ሮቶው ሲሞላ ውሃውን በሚዘጋው ተንሳፋፊ ላይ ነው። በበጋ ሌላው ደርቆ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሣር ከለመለመ፣ እዚያ ቆፍሩ። በክረምት ይህ ዘዴ ጅማ ላይ አይሠራም። ሁሉም ለምለም ነው።

ሁለተኛ ሥራ፦ የቡናው ምርመራ

እኛ ካገኘነው 900 ሊትር ውስጥ አብዛኛው የሄደው በሁለት ፍላሾች ነው። ከውጭ ሲታዩ ደህና ነበሩ። ድምፅም የላቸውም። ውሃው በገንዳው ሥር ባለችው ጎማ በኩል ቀስ ብሎ ወደ መቀመጫው ይወርዳል፣ ማንም አያየውም።

ይህን ለማግኘት በሌላ አገር የቀለም ጽላት ይሸጣል። እኛ ቡና አለን። አንድ ስኒ ጥቁር ቡና አቀዝቅዙና በፍላሹ ገንዳ ውስጥ ጨምሩ። አተላው እንዳይገባ አጥልሉት። ለግማሽ ሰዓት ማንም ፍላሹን እንዳይነካ በሩን ዝጉ። ከዚያ መቀመጫው ውስጥ ያለውን ውሃ እዩ። ቡናማ ከሆነ ጎማዋ አልቃለች። አቦሉን ተጠቀሙ፣ በረካ ለዚህ አይሆንም፤ ቀለሙ ይሳሳል። ባልደረቦቼ አቦል ለሽንት ቤት መስጠቱ ነውር ነው ብለው ሲከራከሩኝ ነበር። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ከፈለጋችሁ የምግብ ቀለም ግዙ።

ጎማዋን ከመቀየራችሁ በፊት አንዴ አውጥታችሁ እጠቧት። ብዙ ጊዜ ያላለቀች ጎማ አሸዋ ወይም ዝገት ከሥሯ ገብቶባት ነው የምታፈስሰው። የምትቀመጥበትን ጠርዝም በጨርቅ ጥረጉት። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ያለቅቀዋል። ይህ ሁሉ ካልበጀ አዲስ ጎማ አስገቡ። አሮጌዋን ይዛችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ፤ በቃል የተነገረ መጠን ሁልጊዜ ይሳሳታል።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ተንሳፋፊው ነው። ውሃው ሞልቶ በመትረፊያዋ ቱቦ በኩል የሚፈስስ ከሆነ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ ተስተካክሏል ማለት ነው። ውሃው ከመትረፊያዋ አፍ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። በብሎን የሚስተካከል ከሆነ በካቻቪቴ አስተካክሉ። የድሮ የነሐስ ክንድ ያለው ከሆነ ክንዱን ትንሽ ወደ ታች እጠፉት። ኳሷ ውሃ ገብቷት ከብዳ ከሆነ ማስተካከል ጊዜ ማባከን ነው፣ ቀይሯት። የሮቶው ተንሳፋፊም አሠራሩ ያው ነው፤ እሱ ሲበላሽ ግን ጉዳቱ ብዙ እጥፍ ነው። ጣሪያ ላይ ስለሆነም ማንም ወጥቶ አያየውም። የመትረፊያ ቱቦውን ጫፍ ሰው በሚያልፍበት ቦታ አውርዱት። ሲፈስስ ቢያንስ አንዱ ይጮኻል።

የሚንጠባጠብ ቧንቧ ቀላሉ ነው። በሴኮንድ አንዴ የሚንጠባጠብ ቧንቧ በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር ይወስዳል። የሚያስፈልጋችሁ እንግሊዝ ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቴፍሎንና የተለያየ መጠን ያላቸው ጎማዎች ናቸው። መስመሩን ዝጉ። የመታጠቢያውን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑ፤ ብሎኗ የምትወድቀው ሁልጊዜ እዚያ ነው። ራሱን ፈትታችሁ ጎማዋን ቀይሩ። ቴፍሎን ስትጠመጥሙ ክሩ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይሁን፤ በተቃራኒው ከሆነ ስታጠብቁት ይተረተራል። እጀታውን በጉልበት ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም። ጎማዋን ቶሎ ይበላታል፣ ነገ ደግሞ የባሰ ያንጠባጥባል።

ሦስተኛ ሥራ፦ የእጅ መታጠቢያውን ፍሰት መቀነስ

አንድ ሊትር ሃይላንድ ከቧንቧው ሥር ያዙ። ሙሉ በሙሉ ክፈቱት። በስልካችሁ ሰዓት ቁጠሩ። በ4 ሴኮንድ ከሞላ ቧንቧው በደቂቃ 15 ሊትር ያፈስሳል። በ15 ሴኮንድ ከሞላ 4 ሊትር ነው። እጅ ለመታጠብ 4 ሊትር በደቂቃ ይበቃል፤ ሳሙና የሚያስለቅቀው ማሸቱ እንጂ የውሃው ብዛት አይደለም። ለ20 ሴኮንድ ከፍቶ የሚታጠብ ሰው በመጀመሪያው ቧንቧ 5 ሊትር ይጨርሳል፣ በሁለተኛው 1.3 ሊትር ገደማ።

ለመቀነስ ምንም መግዛት አያስፈልግም። ከመታጠቢያው ሥር ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ በካቻቪቴ ወይም በእጅ እየቀነሳችሁ፣ በሃይላንዱ እየለካችሁ፣ 15 ሴኮንድ ስትደርሱ አቁሙ። ለዚህ ዋናውን ሳራቺኔስካ አትጠቀሙ፤ እሱ ሙሉ ለመክፈት ወይም ሙሉ ለመዝጋት ነው የተሠራው፣ ግማሽ ላይ ካቆማችሁት ውስጡ ይበላል።

የቧንቧ አፍ ላይ የሚገጠም፣ አየር ከውሃው ጋር የሚቀላቅል ወንፊትም አለ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ይሠራል። ግን ሮቶው ከቧንቧው ብዙም ከፍ ካላለ ግፊት ይጎድለዋል። 10 ሜትር ከፍታ አንድ ባር ግፊት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የእኛ ሮቶ የቆመው ከዚያ በጣም ባነሰ ከፍታ ላይ ነው። በክረምት ውሃው ሲደፈርስ ደግሞ ወንፊቱ ይደፈናል። በሳምንት አንዴ ፈትቶ የሚያጥብ ሰው ከሌላችሁ ይቅርባችሁ።

ከሁሉም የምመክረው ሲጫኑት ከፍቶ ትንሽ ቆይቶ ራሱ የሚዘጋውን ቧንቧ ነው። መኪና እንዳያመልጠው የሚሮጥ ሰው ቧንቧ መዝጋት ይረሳል። ረዳቱ "ሞላ፣ ሞላ!" እያለ ሲጮህ ማን ዞር ይላል? ገንዘብ ካጠራችሁ በኮሮና ጊዜ በየበሩ የተሠሩትን በእግር የሚረገጡ መታጠቢያዎች አስታውሱ። ብዙዎቹ አንድ ጥግ ተጥለው ዝገዋል። አንዱን ሽቦውን ቀይሮ፣ ዘይት ቀብቶ ማስነሳት ለአንድ ብየዳ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እግር ሲነሳ ውሃው ይቆማል፤ የሚረሳው ነገር የለም።

በእጅ ሳይነካ የሚከፈተውን ግን ለመናኸሪያ አልመክርም። ባትሪው ሲያልቅ ወይም መብራት ሲጠፋ እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው ማየት ያሳዝናል።

አራተኛ ሥራ፦ የሚፈስሰውን መመጠን

ቁጢጥ ተብሎ የሚጠቀሙበት ሽንት ቤት በደንብ ከተሠራ 2 ወይም 3 ሊትር ያጥበዋል። ስለዚህ በርሜልና ጆግ መጥፎ አሠራር አይደለም። እንዲያውም ከብዙ ፍላሽ ይሻላል። ዋናው የጆጉ መጠን ነው። 5 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ካስቀመጣችሁ ሰው 5 ሊትር ያፈስሳል። 2 ሊትር ጆግ ካስቀመጣችሁ አንዴ ወይም ሁለቴ ያፈስሳል። ጆጉን በገመድ ከግድግዳው ጋር እሰሩት፣ ካልሆነ በሳምንት ውስጥ ከአንዱ ሚኒባስ ጋር ይሄዳል።

ለመቀመጫው ፍላሽ፣ ገንዳው የድሮና ትልቅ ከሆነ በአንድ ጊዜ 9 ሊትርና ከዚያ በላይ ይለቃል። የዛሬዎቹ 6 ሊትር ናቸው፤ ሁለት ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ለሽንት 3 ሊትር ብቻ ይለቃሉ። የድሮውን ለመቀየር ገንዘብ ከሌለ አንድ ሊትር ሃይላንድ በውሃና በጥቂት ጠጠር ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ከተንሳፋፊው በራቀ ጥግ አቁሙት። በእያንዳንዱ ፍላሽ አንድ ሊትር ይተርፋል። ጡብ እንዳታስገቡ። ጡብ ውሃ ውስጥ ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪው ጎማዋ ሥር ይገባል፣ እንደገና ወደ ቡናው ምርመራ ትመለሳላችሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሰው ሁለቴ ለመጫን ከተገደደ ሃይላንዱን አውጡት። ሁለት ጊዜ 8 ሊትር ከአንድ ጊዜ 9 ሊትር ይበልጣል።

ውሃ የሚበላው ሌላው ነገር መደፈን ነው። ጅማ ነን፤ የጫት ገረባና ፌስታል ሽንት ቤት ውስጥ ይጣላል። ሶፍትና ሞዴስም እንዲሁ። ሰው ሲደፈንበት ያፍርና ባልዲ በባልዲ ላይ ይደፋል። ስለዚህ ክዳን ያለው ቅርጫት በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ይኑር። በር ላይ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ፤ በተለይ በሴቶች በኩል። ከመግቢያው ላይ ደግሞ ለገረባ ብቻ የሚሆን አንድ ትልቅ በርሜል አቁሙ። የምትለጥፉት ምልክት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሁን፣ ሥዕልም ይጨመርበት። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው መንገደኛ ሁሉ ሁለቱንም ላያነብ ይችላል።

የወንዶች መሽኛ ላይ የተበሳ ቱቦ ቀኑን ሙሉ የሚያንጠባጥብበት ቦታ ካለ ዝጉት። በሰዓት አንዴ ግማሽ ባልዲ መድፋት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሽታው የሚመጣው ከውሃ ማነስ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ከሚጋገረው ቅርፊት ስለሆነ በብሩሽ ይፈተግ።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ሴፕቲክ ታንክ ካላችሁ ለእያንዳንዱ ሊትር ሁለት ጊዜ ነው የምትከፍሉት። ሲገባ ለውሃው፣ ሲሞላ ደግሞ ለመምጠጫ መኪናው። ጓደኞቼ ፍላሾቹን ካስተካከሉ በኋላ ይበልጥ የተገረሙት በዚህኛው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ንጹሕ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ሲያጠራቅሙ ኖረዋል።

የውዱእ ቦታ ለብቻው ይሁን። ጅማ ላይ በሶላት ሰዓት መናኸሪያው አካባቢ ያለው መታጠቢያ ሁሉ ይጨናነቃል። ሰው በእጅ መታጠቢያው ላይ እግሩን ሲያነሳ ውሃው ግማሹ ወለል ላይ ይሄዳል። ዝቅ ያለ ቧንቧ፣ የሲሚንቶ መቀመጫና ማንቆርቆሪያ ይበቃል። ነቢዩ በአንድ ሙድ፣ ማለትም ሁለት እጅ ተገጥሞ በሚሞላው ልክ፣ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ሙስሊም ወገኖቻችን ከልጅነት ጀምሮ ይማራሉ። እዚህ ላይ ስብከት አያስፈልጋችሁም፤ ማንቆርቆሪያ አቅርቡ፣ ቀሪውን እነሱ ያውቁታል። ይህ ውሃ ሳሙና የለበትም፤ ለዛፍና ለአበባ ይሆናል። ለሽንት ቤት ማጠቢያ ከማዋላችሁ በፊት ግን የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ደስ የማይለው ይኖራል።

አምስተኛ ሥራ፦ ጣሪያው ላይ የሚወርደውን መያዝ

ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። ጣሪያችሁ 100 ካሬ ሜትር ከሆነና 20 በመቶው ተረጭቶና ተኖ ይጠፋል ብንል፣ በዓመት 120,000 ሊትር በአሸንዳው በኩል ያልፋል። ሁሉንም መያዝ አይቻልም፤ ሮቶው ሞልቶ ይተርፋል። ግን ከመጋቢት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ውስጥ ለፍላሽና ለወለል የሚሆነውን አብዛኛውን ውሃ ከዚያ ማግኘት ይቻላል።

አሸንዳው ወደ አንድ በኩል ትንሽ ዘንበል ይበል። ከሮቶው በፊት ወደ ታች የሚንጠለጠል፣ ጫፉ የተደፈነ አንድ ወፍራም ቱቦ አስገቡ። መጀመሪያ የሚወርደው አቧራና የወፍ ኩስ ያለበት ውሃ እዚያ ይቀራል፣ ቱቦው ሲሞላ ንጹሑ ወደ ሮቶው ያልፋል። ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብትተዉለት ቀስ ብሎ ራሱን ያራግፋል። ለ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቱቦው ቢያንስ 50 ሊትር መያዝ አለበት፤ አንድ ቱቦ ካልበቃ በርሜል አስገቡ። የሮቶውን አፍ በወንፊት ሸፍኑ፣ የወባ ትንኝ እንዳትራባበት።

የዝናቡ መስመር ከቧንቧው መስመር ጋር በፍጹም አይገናኝ። ሁለት ሮቶ፣ ሁለት መስመር። የዝናቡን በቀለም ለዩት፣ "አይጠጣም" ብላችሁም ጻፉበት። እጅ መታጠቢያውን ከእሱ አታገናኙ፤ ሕፃን ልጅ ከቧንቧ ይጠጣል።

ስድስተኛ ሥራ፦ መብራቱ

እዚህ አገር መብራቱም ውሃ ነው። አብዛኛው የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከግድብ ነው የሚመጣው። ከጅማ ብዙም የማይርቀው የግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ጣቢያ ብቻውን 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነገሩን ካነሳሁ ላይቀር፣ ሂሳቡን እንሥራ።

አምፖሉ ቀላል ነው። ስድስት ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖሎች ለ12 ሰዓት ሲበሩ ቢያድሩ 4.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላሉ። በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ብትተኳቸው 0.65 ነው። በወር ከ130 ወደ 20 ገደማ ይወርዳል። ቀን ቀን ጭራሽ መብራት አያስፈልግም፤ ከጣሪያው አንድ ቆርቆሮ አንሥታችሁ ብርሃን በሚያሳልፈው ፕላስቲክ ተኩት። ሌሊት ግን ለቁጠባ ብላችሁ መተላለፊያውን አታጨልሙ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ብቻዋን የምትገባ ሴት አለች። መተላለፊያውና በሩ ሁልጊዜ ይብራ።

ፓምፕ ካላችሁ አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው በሰዓት 0.75 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሮቶው ሲሞላ ራሱ የሚያጠፋ ማብሪያ ግጠሙለት። የታችኛው ታንከር ሲደርቅ የሚያጠፋም ያስፈልገዋል፤ ደረቅ የዞረ ዲናሞ ይቃጠላል። ማንም ሳይጠቀም ፓምፑ ሌሊት ከተነሳ፣ እሱም የማፍሰስ ምልክት ነው።

ትልቁ ወጪ ግን ሻወሩ ነው። በመጠኑ ጠንከር ያለ ሻወር በደቂቃ 10 ሊትር ያፈስሳል። ሰው 8 ደቂቃ ከቆየ 80 ሊትር ነው። ያንን ከ20 ዲግሪ ወደ 38 ለማሞቅ 1.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚያ ኃይል አንዱ ኤልኢዲ አምፖል ከ180 ሰዓት በላይ ይበራል። አንድ ሰው ገላውን ታጠበና አምፖሉ ከሳምንት በላይ ሌት ተቀን በራ እንደማለት ነው። ስለዚህ አምፖል እያጠፋችሁ ሻወሩን ከዘነጋችሁ ላሟን ትታችሁ ጥጃውን ትቆጥራላችሁ።

የሻወሩን ራስ በደቂቃ 6 ሊትር በሚያወጣ ቀይሩት። በባልዲና በስልክ ሰዓት ለኩ፤ አሠራሩ ከሃይላንዱ ጋር አንድ ነው። ጊዜውን ወደ 5 ደቂቃ ዝቅ ካደረጋችሁ 30 ሊትርና 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ይሆናል። ሰውን በር እያንኳኳችሁ አታስቸኩሉ፤ ያስጠላል፣ ጠብም ያመጣል። ክፍያውን በደቂቃ አድርጉት፣ በሰዓት መቁጠሪያ። የቸኮለ ሰው ባልዲ ሙቅ ውሃ በርካሽ እንዲወስድ አማራጭ ስጡት። በባልዲ የሚታጠብ ሰው 15 ሊትር አይጨርስም።

ቦይለር ካላችሁ ቀኑን ሙሉ አይሰካ። ቀድማችሁ ሞክሩና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት እወቁ፤ ሰው ከሚበዛበት ሰዓት በዚያ ልክ ቀደም ብላችሁ ሰኩ። መቆጣጠሪያው 60 ዲግሪ ላይ ይሁን። ከዚያ በላይ ኃይል ይባክናል፣ በጣም ዝቅ ሲል ደግሞ በቆመ ውሃ ውስጥ ጀርም ይራባል። የሙቁን ቱቦ በስፖንጅ ሸፍኑ። ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው የፀሐይ ማሞቂያ ለሻወር ቤት ከሁሉም ይሻላል፤ ገንዘቡ ከተገኘ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ አስቀምጡት። በክረምት ደመና ሲበዛ ለብ ያለ ውሃ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ኤሌክትሪኩን ሙሉ በሙሉ አትንቀሉ። በሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠመውን ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) የሚያስር ሠራተኛ ካገኛችሁ፣ አስወጡት።

ሰባተኛ ሥራ፦ ደብተሩ

አንድ ደብተር በምስማር በር ላይ ስቀሉ። ቀን፣ የማታ ቁጥር፣ የጠዋት ቁጥር፣ የተጠቃሚ ብዛት። ሌላ ነገር አትጨምሩ፤ የበዛ ዓምድ ማንም አይሞላም። የቀኑን ፍጆታ በተጠቃሚው ብዛት አካፍሉ። ቁጥሩ በድንገት ከዘለለ የሆነ ነገር ተሰብሯል።

ደብተሩን የሚይዘው አለቃ ሳይሆን ቁልፉን የያዘው ሰው ይሁን። እኛ ዘንድ የያዙት በር ላይ የሚቀመጡት እናት ናቸው። አንድ ጠዋት ደብተሩን ይዘው መጡና "የኔ ልጅ፣ ዛሬ 40 ሊትር ተሰርቋል" አሉኝ። ሳቅሁ፣ ግን ሄጄ አየሁ። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ያለው ቧንቧ ነበር። ጎማዋ አልቃ።